የገና ዱላ ከጥምቀት ማግስት

ጥምቀት ካለፈ በኋላ የገና ዱላ ሁለት ቦታ ይገኛል፤ ወይ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ፣ ወይ ምድጃው ውስጥ። ምድጃ የገባው ክፉ ዱላ ነው፤ አንድ ጀበና ቡና አፍልቶ ያልቃል እንጂ የሚወራለት የለም። ጭስ ላይ የተሰቀለው ግን የባለቤቱ ኩራት ነው፤ አውርዶ ለማሳየትም ብዙ ልመና አይፈልግም። የዘንድሮው ጨዋታ የሚወራው በእርሱ ላይ ጣት እየተቀሰረ ነው፤ «ይቺን አየሃት? ይቺ የልደት ለት የተመታችው ናት» እየተባለ።

እውነትም ለሚያነብ ሰው ዱላው ላይ ተጽፏል። ከቆልማማው ጫፍ በውስጠኛው ጎን ያለው ስርጉድ ሁሉ ሩሯ፣ የጨዋታው ኳስ፣ ያረፈችበት ነው፤ ክብ፣ ጥልቀት የሌለው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ። ስርጉዶቹ አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ መቺው ዓይኑን ከሩሯ የማይነቅል ሰው ነው። ወደ ጫፉም ወደ አንገቱም ከተበተኑ ወይ ሲሮጥ የሚመታ ነው፣ ወይ ዝም ብሎ የሚያወናጭፍ። ከታች፣ መሬት የሚነካው ሆዱ በአሸዋና በጠጠር ተፍቆ ነጥቷል። የደጋው የመንዝ ዱላ እንዲህ አይፋቅም፤ የመንዝ ሜዳ ሣር ነው። የይፋት ቆላ ጨዋታ ግን ማሽላ የታጨደበት ማሳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ላይ ነው፤ የማሽላ ጉቶ እግር ይወጋል፣ ዱላም ይበላል። ከአንገቱ ከፍ ብሎ አግድም የተሰነተሩ ጭረቶች ካሉ ደግሞ ዱላ ከዱላ የተጋጨባቸው ናቸው። ወሬው የሚሞቀው እዚያ ላይ ነው። ማንን መታ? ሩሯን ነው ወይስ ሰውዬውን? በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ ሎሌ ጌታውን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቢያሳርፍበት እንኳ በዚያን ቀን ክስ የለም። ጥር ሲጋመስ ቁርጭምጭሚቱ ገና ያበጠበት ሰው አባባሉን ደግሞ ቢያጤነው ግን አይፈረድበትም።

ጨዋታው በደጋው ይበልጥ እንደሚደምቅ ልክድ አልችልም። መንዝ አገሩ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ እህሉ ከማሳው ሲነሳ ሜዳው ይከፈታል፤ ታኅሣሥ 29 ልደት ነው፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ በመካከሉ ያለው ጊዜ የዱላ ነው። የይፋት ቆላዋ ሸዋ ሮቢት ከደጋ የወረደ ብዙ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናትና ወጉም አብሮ ወርዷል። ይሁንና ስለ ዱላው ከተነሳ ቆላውና ደጋው ቦታ ይለዋወጣሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ተነስቶ፣ ጣሊያን ያስቆፈረውን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ በመስኮት የተመለከተ ሰው ምክንያቱን ያየዋል። ከላይ ባሕር ዛፍና ገብስ ነው። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ለቤት ማገር ለአጥርም የሚሆን ዛፍ ነው፤ ለገና ዱላ ግን ቀጥ ማለቱ ራሱ ጥፋቱ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ወይራ ይመጣል፣ ክትክታ ይመጣል፣ ከዚያ አባሎ፣ ከዚያ ግራር። ለዱላ የሚሆነው የዳገቱ እንጨት ነው። ገደል ላይ የበቀለ ዛፍ መጀመሪያ ወደ ጎን ይወጣል፣ ከዚያ ፀሐይ ፍለጋ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ እጥፋቱን ከልጅነቱ ይዞ ያድጋል።

የሥራው ሁሉ ፍሬ ነገር ይህቺ እጥፋት ናት። የገና ዱላ ሦስት ዓይነት እጥፋት ሊኖረው ይችላል፤ የተጠረበ፣ በእሳት የታጠፈ፣ አብሮ የበቀለ። የተጠረበውን የሚሠራው ችኩል ሰው ነው። ከወፍራም እንጨት ላይ ቅርጹን በመጥረቢያ ያወጣዋል፤ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን በእንጨቱ ርዝመት የሚሄደው ጅማት ቀጥ ብሎ ሲወርድ መጥረቢያው መንገዱን ቆርጦታል፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለው እንጨት በአጭር በአጭሩ የተቆራረጠ ጅማት ብቻ ነው የያዘው። አንድ ጥሩ ምት ሲያርፍበት እጥፋቱ ላይ ተገንጥሎ ይበራል። ልደት ሳይደርስ ምድጃ የሚገቡት አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ናቸው።

በእሳት የታጠፈው ይሻላል። ሥራውም ለማየት ደስ ይላል። እርጥቡ እንጨት ከነቅርፊቱ ረመጥ ውስጥ ይቀበራል፤ ነበልባል ላይ አይደለም፣ ነበልባል ውጪውን አክስሎ ውስጡን ጥሬ ይተወዋል። ረመጡ የራሱን የእንጨቱን ውሃ እያፈላ ያለሰልሰዋል። ከቅርፊቱ ስር አረፋ ብቅ ሲል ያወጡትና በዛፍ ባላ መካከል አስገብተው ቀስ እያሉ ያጥፉታል፤ በልጥ ጠፍረው እስኪደርቅ ይተዉታል። ዱላን በእሳት ማረቅ የሚያውቅ ሰው ማጥመሙንም ያውቃል፤ ጥበቡ አንድ ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ይለያል። የዚህ ዱላ ድካሙ ኋላ ነው የሚገለጠው። ዝናብ ሲነካው፣ ምት ሲበዛበት፣ እጥፋቱ ቀስ በቀስ ይላላል። በጥምቀት ሰሞን አፉን የከፈተ ዱላ ይዞ የሚሮጥ ሰው ካያችሁ እሳት አምኖ ነው።

አብሮ የበቀለው ግን ሌላ ነው። እረኛ ከብት ሲጠብቅ ዓይኑ ዳገቱ ላይ ነውና ቅርንጫፉን ከዓመት በፊት ያውቀዋል። ያየ ይቀድማል። ትዕግሥት ያለው ልጅ ደግሞ ገና ለጋውን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ያስረውና ዛፉ ራሱ እንዲያጥፈው ይተወዋል። በዚህ ዱላ ላይ ጅማቱ ከእጀታው ተነስቶ በአንገቱ በኩል እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ አብሮ ይታጠፋል። ቅርፊቱ ሲላጥ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ቀጫጭኑ መስመር ውሃ በቦይ ሲታጠፍ እንደሚሄደው ነው፤ በውጪ በኩል ዘርዘር፣ በውስጥ በኩል ጥቅጥቅ ይላል። ምቱ ሲያርፍ ግፊቱ በዚያ መስመር ተሳፍሮ እስከ እጅ ይደርሳል። ጥሩ ዱላ እጅ ላይ ይነዝራል እንጂ አያቃጥልም፤ የሚያቃጥል ዱላ ውስጡ ስንጥቅ አለበት።

ይህን ያወቀው የይፋት እረኛ ብቻ አለመሆኑ ይደንቀኛል። አየርላንዶች ኸርሊንግ የሚሉት ከገና ጨዋታ ጋር ወንድማማች የሚመስል ጨዋታ አላቸው፤ ከጌሊክ እግር ኳስ ጋር በአንድ ማኅበር ሥር ነው፣ ማኅበሩም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። 15 ለ15 ይገጥማሉ። ዱላቸውን የሚሠሩት አሽ ከሚሉት ዛፍ ሲሆን፣ ከግንዱ የሚጠቀሙት የታችኛውን 1.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ግንዱ ወደ ሥር ሊሰፋ ሲል የሚታጠፍባትን። ምክንያታቸው ከእኛ እረኛ ምክንያት ቅንጣት አይለይም፤ ጅማቱ አብሮ እንዲታጠፍ። ዛፉ ለዚህ እስኪበቃ 30 ዓመት ገደማ ይፈጃል። የእነርሱም ደጋፊ የብርዱን ወራት ሙሉ ያለፈውን ውድድር ሲያኝክ ነው የሚከርመው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የክሌር ቡድን የኮርክን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት በአንዲት ነጥብ ያሸነፈበት የፍጻሜ ጨዋታ ገና ብዙ ዓመት ይወራበታል። ኸርሊንግ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ፤ የእኛ ጥምቀት በተከታዩ ዓመት። የገና ጨዋታ እስካሁን አልገባም። እነርሱ ግን ዛፉ እየሞተባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አገራቸው ውስጥ የተገኘ የፈንገስ በሽታ አሽን እያደረቀው ነው፤ ዛሬ እንጨት ከውጭ ያስገባሉ፣ ከቀርከሃና ከሰው ሠራሽ ነገርም ይሠራሉ። የእኛ ዳገት ፈንገስ አላየም፤ ምሳርና ከሰል ግን አይቷል።

ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሥራ አብዛኛው መጠበቅ ነው። ቆላ ላይ ፀሐይ ጠላት ናት። እርጥብ እንጨት ሸዋ ሮቢት ፀሐይ ላይ ከተተወ ውጪው ቀድሞ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ መሰንጠቅ ይመጣል። ስለዚህ ጥላ ሥር፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ፣ የተቆረጡት ጫፎች ጭቃ ወይም እበት ተቀብተው ይቆያል። ኋላ ጭሱ ላይ ይወጣል፤ ጭስ በዝግታ ያደርቃል፣ ነቀዝም ያርቃል። ከዚያ ቢላዋ ነው፤ ከዚያ የጠርሙስ ስባሪ፤ ከዚያ ቅቤ። በጠርሙስ ስባሪ መፋቅ የሚንቁት ሰዎች አሉ፤ እኔ በበኩሌ በሱቅ ብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ይልቅ በጠርሙስ የተፋቀውን እመርጣለሁ። ብርጭቆ ወረቀት ጅማቱን እያሻከረ ነው የሚያለሰልሰው፤ ስባሪው ግን ቀጭን ልጣጭ እያነሳ ይሄዳልና ፊቱ ተዘግቶ ይቀራል፣ ቅቤውም ያበራበታል። ሲያልቅ ድንጋይ ላይ መታ አድርጎ ድምፁን መስማት ነው። ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው። ከደነቆረ አንድ ቦታ ታሟል።

ሩሯ አጭር ወሬ ናት ብዬ ነበር የማስበው፤ ሥራዋ ግን ከዱላው ይከብዳል። ከእንጨት ሥር ወይም ከጉጥ ትጠረባለች፤ ጉጥ የሚመረጠው ጅማቱ የተወሳሰበ ስለሆነ ነው፤ የሚሰነጠቅበት ቀና መንገድ የለውም። ለመጥረብ የሚያስቸግረውም በዚሁ ነው፤ ቢላዋው በአንዱ በኩል ይሸሻል፣ በሌላው ይነክሳል። ኮምፓስ የለ፣ ልኬት የለ። ልሙጥ አውድማ ላይ ሲያንከባልሏት ወደ አንድ ጎን ካደላች ከከበደው ጎን ትፋቃለች፤ እንደገና ትንከባለላለች። ጥንግ የሚሏት ከቆዳ የምትሰፋዋ ደግሞ የሌላ ሰው ሙያ ናት። ጨርቅ ወይም ጠፍር ተጠቅልሎ፣ እርጥብ ቆዳ ለብሶ፣ በወስፌ እየተበሳ በጅማት ይሰፋል፤ ቆዳው ሲደርቅ ኮምተር ብሎ ውስጡን አንቆ ይይዛል። የስፌቱ ጥበብ ቋጠሮው ላይ ነው፤ ቋጠሮው ወደ ውስጥ ካልተቀበረ በሁለት ቀን ዱላ ይፈታዋል። አየርላንዶቹ ኳሳቸውን ውስጡን ቡሽ፣ ውጪውን ቆዳ አድርገው ከ110 እስከ 120 ግራም ይመዝኑታል፤ ስፌቱን ደግሞ ሆን ብለው ጎልቶ እንዲወጣ ያደርጉታል፣ በእጅ ስለሚይዙት።

የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከኩርቦና ከሌሎቹ ጋር ሕግ አውጥቶለት በየዓመቱ ያወዳድርበታል፤ አዲስ አበባም ጃንሜዳ የገና ጨዋታ የኖረበት ሜዳ ነው። ዳኛና ሰዓት መኖሩ ክፋት የለውም፣ ቁርጭምጭሚት ያተርፋል። የመንደሩ ጨዋታ ግን የተጫዋች ቁጥር አይጠይቅም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል፣ ማታ ላይ ያሸነፈው ወገን በግጥም የተሸነፈውን ያዋርደዋል። የዳር ተመልካች ሥራው ያንን ግጥም እስከ ዓመት ማስታወስ ነው። የማይታወስ ገናም አለ። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ደርሶ ሲመለስ ልደት ሊገባ አንድ ወር ገደማ ነበር የቀረው፤ የዚያን ዓመት ወሬ ሲነሳ ስለ ጨዋታ አይደለም።

በሌላው ዓመት ግን ክርክሩ አንድ ነው፤ ሰውዬው ነው ወይስ ዱላው? የተሸነፈ ወገን «ዱላው ነው እንጂ እርሱማ ምን ያውቃል» ይላል። ያሸነፈው «በዚህ ዱላ አንተ ሞክራት» ይላል። እኔ ለዱላው አደላለሁ፤ ደጋፊዎቹ በዚህ ብዙ እንደማይስማሙ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ሁለቱም ወገን ክርክሩን ሲጨርስ ዱላውን ይቀበልና መካከሉ ላይ በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ሚዛኑን ያያል። ወደ ጫፉ ትንሽ ካዘነበለ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ልክ ነው ማለቱ ነው።

የምወዳት አንዲት ነገር ግን ከእጀታው መጨረሻ ላይ ናት፤ ብዙ ሰው አያያትም። ጎበዝ ሠሪ ዱላውን ሲቆርጥ ከአንጓው በታች አይቆርጥም፣ ከአንጓው ጋር ነው የሚቆርጠው፤ አንጓው ሲላጥ ትንሽ እብጠት ሆኖ ይቀራል። ሸዋ ሮቢት ላይ መዳፍ በላብ ሲርስ ዱላው እንዳያመልጥ የሚይዘው ይህ እብጠት ነው። አየርላንዶቹም በእጀታቸው ጫፍ ላይ እንዲህ ያለ ከፍታ ይተዋሉ። ልጆች የሚይዙት ዱላ ግን ብዙ ጊዜ ይህ የለውም፤ ረጅም ዱላ ለልጅ ሲያጥር የሚቆረጠው ከእጀታው በኩል ነው፣ እጥፋቱን ማንም አይነካም። እብጠት የሌለው ዱላ ይዞ ከከብቶቹ ኋላ የሚሄድ ልጅ ካጋጠማችሁ ጫፉን እዩለት፤ ከዕድሜው በላይ የሆነ ስርጉድ ካለበት የአባቱ ወይም የታላቅ ወንድሙ ነበር ማለት ነው።