ሥዕሉ አፍ ያስከፍታል፣ መጠይቁ ይመዝናል

ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ብቻ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ 10 ከደረሰ ነገሩን ጠበቅ አድርገን እንመረምራለን። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። ብዙ ባለሙያ ሊያነሳው የሚፈራውን ወረቀቱ ሳይሽኮረመም ይጠይቃል። በሙያዬ ከመጠይቅ ወገን የቆምኩትም በዚህ ነው።

ታዲያ የእኛ ሰው ሲጠየቅ «ተመስገን» ይላል። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት መጥተው ነበር። «እማማ፣ እንቅልፍስ?» «ተመስገን።» «ምግብስ ይበላሉ?» «ተመስገን ልጄ።» ድምሩ 2 ሆነ፤ ነጠላቸው ግን ትከሻቸው ላይ ሰፍቶ የሌላ ሰው ይመስላል። መጠይቅ ኦብጀክቲቭ ፈተና ቢባልም፣ ከሰው ስሜት ነጻ የሆነው እርማቱ እንጂ መልሱ አይደለምና መጠይቁን አስቀምጬ የቲኤቲን የመጀመሪያ ካርድ አወጣሁ። ሄንሪ መሪና ክርስቲያና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሃርቫርድ ውስጥ ያዘጋጁት፣ ሥዕል አሳይቶ ታሪክ የሚያስወራ ፕሮጀክቲቭ ፈተና ነው፤ በካርዱ ላይ አንድ ልጅ ፊቱ የተቀመጠውን ቫዮሊን እያየ ይተክዛል። እሳቸው ልጁን ትክ ብለው አዩትና «አባቱ ነው የገዛለት። አሁን ማን ያስተምረዋል?» አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ። ዘጠኙን ጥያቄ እንደገና ሳነብላቸው «ተመስገን» ቀረ፤ ድምሩም ከ10 በላይ ወጣ።

ሥዕሉ ሕመማቸውን አወቀው ማለት ግን አይደለም። በሪፖርቴ ላይ የጻፍኩት የመጠይቁን ውጤትና የነገሩኝን ነው፤ ስለ ቫዮሊኑ አንድ ቃል የለበትም።

የሄርማን ሮርሻክ 10 የቀለም ጠብታ ካርዶች ጉዳይ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1921 ከታተሙ ጀምሮ ሲያጨቃጭቁ ኖረዋል። በስኪዞፍሬንያ የሚታየውን ዓይነት የተዛባ አስተሳሰብ በመለየት ረገድ ጥናቶች ይደግፏቸዋል። ለድብርትና ለጭንቀት ግን ደካማ ናቸው፤ ጆን ኤክስነር ካርዶቹን በቁጥር ለማረም ያወጣው መመዘኛም ጤነኛውን ሰው ሕመምተኛ ያስመስላል ተብሎ ተተችቷል። መጠይቆቹም ቢሆኑ ከነቀፋ አያመልጡም። 567 ጥያቄ ያለው ኤምኤምፒአይ-2 ራሱን ቅዱስ አድርጎ የሚያቀርበውን ሰው የሚያጋልጥ ሚዛን አለው፤ ሚዛኑ የተሠራው ግን በአሜሪካውያን መልስ ነው።

ስለዚህ አንድ ሥዕል ብቻ አሳይቶ የሕመም ስም የሚሰጣችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ በምን እንደመዘናችሁ ጠይቁት። የመጠየቅ መብት አላችሁ።