ቆቡን ቀዶ የሚሰፋው መነኩሴ

“ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል” ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን የምንጠቅሰው ለስድብ ነው። ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲያዟዙር የሚውል ሹም ሲገጥመን፣ ደህናውን የእግረኛ መንገድ አፍርሶ መልሶ የሚያነጥፍ ሥራ ተቋራጭ ስናይ፣ መነኩሴውን እንጠራዋለን። እኔ ግን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምርም ሆነ ከዚያ ወዲህ ለዚህ መነኩሴ ሳልከራከርለት ቀርቼ አላውቅም። እስቲ ልብ በሉ! ሰውየው ቆቡን ቀደደ፤ ሰፋ። ሁለተኛው ቆብ ከፊተኛው ይሻል ይክፋ ተረቱ አይነግረንም። መቅደዱን እንጂ ስፌቱን ያየለት የለም። ደግሞስ መነኩሴው ያን ቀን ምን በልቶ ዋለ? ገዳሙ ያበላዋል። ያንን ባዶ ቀን ለመርፌና ለክር ሊያውለው የቻለው እራቱን ሌላ ሰው ስላሰበለት ነው። ይህንንም ተረቱ ዝም ብሎ አልፎታል።

ነገሩን ያስነሳኝ ሽሮ ሜዳ ነው። ከስድስት ኪሎ ተነስታችሁ፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፋችሁ ወደ እንጦጦ ግርጌ ስትጠጉ ግራና ቀኙ ነጭ በነጭ ይሆንባችኋል። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ኩታው ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሸማው የሚሠራው ግን ከሱቆቹ ጀርባ፣ በጉለሌ ጓሮዎች ነው። እዚያ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ አባወራዎችና ልጆቻቸው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው መወርወሪያ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ገዢው ስማቸውን አያውቅም። የሚያውቀው ሱቁን ነው።

የዚህ ሰፈር የዘመን አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ከምንሰቅለው ይለያል። ዓመቱ ሁለት ነው፤ ገበያ የሞቀበትና ገበያ የቀዘቀዘበት። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ የጥር ሠርግ፣ ፋሲካ፣ ከፋሲካ በኋላ የሚግተለተለው ሠርግ ሞቃቱ ነው። የሁዳዴ 55 ቀናት፣ የሰኔ ጾም፣ ሐምሌና ፍልሰታ ቀዝቃዛው። በጾም ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ የሙሽራ ቀሚስ የለም፤ የሚዜም የለም፤ የእናትም የለም። ክረምቱ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። ድር ለማድራት ረዘም ያለ ደረቅ ቦታ ያስፈልጋል፤ በሐምሌ የጉለሌ ቁልቁለት የጎርፍ መንገድ ነው። (እዚያው አጠገብ ቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪ እናቶችም ይህችን ወቅት አሳምረው ያውቋታል። ጀበናው አይደርቅም፤ ማገዶው እርጥብ ነው።)

ለዚህ ሁሉ መገለባበጥ ማኅተም የሆነ ሌላ ተረት አለን፦ “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ”። ይህን ያወጣው ሰው ሸማኔ እንዳልነበረ እምላለሁ! ሸማኔ ቢሆን ኖሮ “ለሁዳዴ የታዘዘ ቀሚስ ይባረክ” ይል ነበር። ተረቱ የገዢው ነው። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይከርምና ገና ሲያልፍ “ቀሚሴን!” እያለ የሚሮጠው የኛ ነው። ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት 12 ቀናት ናቸው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ በፎቶግራፉ ላይ ከታቦቱ ቀጥሎ ዓይን የሚገባው ያ ነጭ ልብስ በየትኛው ሌሊት እንደተሸመነ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

በነዚያ ሌሊቶች የሚሆነውን ሽሮ ሜዳ የሰነበተ ሰው ያውቀዋል። ሸማው ይሳሳል። ባለሦስት ቀለም የነበረው ጥለት ባለሁለት ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሚቸኩለው ገበያ ትንንሽ እጆችንም ይጠራል። “ትምህርት ትገባላችሁ” ተብለው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሕፃናት ከንጋት እስከ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው ሲሸምኑ መገኘታቸው በጋዜጣውም በጥናቱም ብዙ የተባለለት ጉዳይ ነው። ይህን ስናነብ “አይ ጭካኔ!” እንላለን። ጭካኔው የአሠሪው መሆኑ አይካድም። ሥራው በጥቂት ሳምንት እንዲታጨቅ ያደረገው ግን ማነው? ቀዝቃዛው ወቅት ባዶ ሲውል ዕዳው በሞቃቱ ወቅት ይከፈላል፤ ከፋዩም ሁልጊዜ ከሁሉ ትንሹ ነው።

“ታዲያ ቀዝቃዛውን ወቅት ለምን አይጠቀሙበትም?” የሚል ይኖራል። አለ እንጂ! ስለ ሥራ ፈጠራ ሥልጠና በተሰጠባቸው አዳራሾች ሁሉ ይህ ምክር አለ። ገበያ ሲቀዘቅዝ አምርት፤ አከማች፤ አዲስ ነገር ሞክር፤ ዕቅድ አውጣ፤ ሙያህን አሻሽል። ወርቅ የሆነ ምክር ነው። ችግሩ የተጻፈው ገዳም ላለው መነኩሴ መሆኑ ነው።

በአንድ ክረምት ይህንኑ ምክር ይዤ አንድ አዛውንት ሸማኔ ዘንድ ሄድኩ። “አባቴ፣ በዚህ ሰሞን አዲስ ጥለት አይሞክሩም?” አልኳቸው። መወርወሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩና ትንሽ አዩኝ።

“መምህር፣ መሞከሪያ ድር ማን ይሰጠኛል?” አሉኝ። “ጥለት ወረቀት ላይ አይሞከርም። የሚሞከረው ሸማው ላይ ነው። ከተበላሸ የተበላሸው ክር የልጆች እራት ነበር።”

“ተሠርቶስ ቢቀመጥ? እስከ እንቁጣጣሽ?”

“ማን ያስቀምጠዋል? ክሩን የገዛሁት በብድር ነው። የሠራሁትን በሦስተኛው ቀን ካልሸጥኩ ለሚቀጥለው ክር አይኖረኝም። እሳቸው ግን ያስቀምጡታል” ብለው በአገጫቸው ወደ ሱቆቹ አቅጣጫ አሳዩኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የቀዝቃዛውን ወቅት ጥቅም ሽሮ ሜዳ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ የሚጠቀምበት ግን የፈጠረው ሰው አይደለም። ነጋዴው በሐምሌ በርካሽ ይገዛል፣ ጳጉሜን ላይ ያወጣዋል። በነጋዴው አልፈርድም፤ ገንዘቡን አስሮ፣ የሱቅ ኪራይ ከፍሎ፣ ብልም እርጥበትም ፈርቶ ነው። ሆኖም የዚያ ጥለት አሳቢ ከሁለቱ ዋጋዎች መካከል የሚያገኘው ዝቅተኛውን ነው፤ “ብትቆጥብ ኖሮ” የሚባለውም እሱው ነው።

መቆጠብ አያውቅም የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አልቀበልም። የጋሞ ሸማኔ በመስከረም ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። የእንቁጣጣሹ ገበያ እንዳለፈ ዕቃው ዝም ይላል። ሸማኔው ልብሱን ለውጦ፣ ለሚስትና ለልጅ፣ ለአባትና ለእናት የሚሆነውን ሸክፎ ለመስቀል አገሩ ይገባል። ወደ አርባ ምንጭ የሚሄደው መኪና ሁሉ ጢም ይላል። ለበሬው፣ ለቅቤው፣ ለመንገዱ ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም ሲያጠራቅም የከረመ ሰው ነው። በነዚያ ቀናት ሽሮ ሜዳ ጓሮ ብትገቡ ያው የሐምሌው ጸጥታ ነው። ግን “ገበያ ሞተ” የሚል የለም። ሸማኔው ወስኖ ያቆመው ሥራ ነዋ! ሲመለስም የአጎቱን ቡልኮ ዳር፣ የአያቱን የጥንት ኩታ አይቶ ነው የሚመለሰው። አዲስ የምንለው ጥለት ከዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተወልዶ ይሆን እላለሁ። ሁለቱ ጸጥታዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በአንደኛው ውስጥ ያለው ሰው ጎኑን አሳርፎ ያስባል፣ በሁለተኛው ውስጥ ያለው ዕዳውን ይቆጥራል።

ለሌላው ጥበብ እኮ ባህላችን በጎደለው ወቅት ላይ መላ አበጅቶ ያውቃል። ሁዳዴ ሲገባ የማሲንቆና የክራር ቤቱ ጭር ሲል በገና ከግድግዳ ይወርዳል። ራዲዮውም በበገና ያነጋል፣ በበገና ያስመሻል። ያ 55 ቀን ለዘፋኙ የሞተ ሰሞን ሆኖ ሳለ ለበገና ደርዳሪው የዓመቱ አውራ ወቅት ነው። ጾሙ አንዱን ድምፅ ዝም ሲያሰኝ ለሌላው ቦታ ለቀቀለት። ለሸማ ግን እንዲህ ያለ የሁዳዴ ሥራ፣ የክረምት ሥራ አላሰብንለትም። ጋቢ የሚያስፈልገን መቼ ነው? በሐምሌ ብርድ አይደለም እንዴ? የምንገዛው ግን ለበዓል ስጦታ ነው።

ያላሰብንበት ምክንያት ከቋንቋችን ይጀምራል ባይ ነኝ። የቀሚሱን ዳር ያንን ያጌጠ መስመር “ጥበብ” እንለዋለን። ሥዕሉንም፣ ቅኔውንም፣ ቴአትሩንም የምንጠራው በዚሁ ቃል ነው። ቃሉን ለሸማው ሰጥተን ሠሪውን ለስድብ አስቀረነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስድቡ ዛሬ ከአፋችን ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ከሐሳባችን ግን ገና አልወጣም። ገጣሚ ወዳጃችን ከሰዓት በኋላውን ማኪያቶ ፊቱ አስቀምጦ ግድግዳ ሲያይ “ተዉት፣ እያሰበ ነው” እንላለን። ሸማኔው ዕቃው አጠገብ ተቀምጦ ደጅ ደጁን ሲያይ “ሥራ ፈቷል” እንላለን። ሁለቱም ምናልባት እያሰቡ ነው! ገጣሚው ያልሆነለትን መስመር ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ሲከት የጠፋው አንድ ወረቀት ነው። የሸማኔው ረቂቅ ውድ ነው።

ያለ ወሰን የመጣው ቀዝቃዛ ወቅት ምን እንደሚመስል ያየነው በኮሮና ጊዜ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ፋሲካ 11 ቀን ቀርቶት ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ሠርጉ ቀረ፣ ቀሚሱም ቀረ። አንዳንድ ልብስ ሰፊዎች የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ወደ መስፋት ዞሩ። ሸማኔው ወደምን ይዙር? ጊዜ እንደ ልብ ነበር፤ አዲስ ጥለት የሚያስወልድ ቢሆን ኖሮ ያ ክረምት የጥለት ክረምት በሆነ ነበር። ዕድሉ ለደረሳቸው፣ ደህና ደንበኛ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለነበራቸው፣ ጥቂት እንደዚያ ሆነ ይሆናል። እኔ የማውቃቸው ግን ዕቃቸውን ነቅለው ለቀን ሥራ ወጡ።

በዚህ ላይ የፋብሪካ ህትመት አለ። ካለፉት አሥር ዓመታት ገደማ ወዲህ የሸማውን ጥለት መስሎ በማሽን የታተመ ጨርቅ ከቻይና እየገባ እዚያው ሽሮ ሜዳ ከእጅ ሥራው ጎን ይሰቀላል። ከሩቅ ለይታችሁ አታውቁትም። ማሽኑ ሁዳዴ አያውቅ፣ ሐምሌ አያውቅ። የንድፍ ባለቤትነትን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 123 ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። ጥለቱን በዚህ አዋጅ ያስመዘገበ ሸማኔ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ለማስመዝገብ ከዕቃው ተነስቶ ቢሮ ለቢሮ መዞር አለበት፤ እሱም የሥራ ቀን ይበላል።

እንግዲህ እኔ ከሥልጠናው ሁሉ ይልቅ የማምነው በቀብድ ነው። ለጥር የሚዳር ልጅ ያለው ሰው ሠርጉን በሐምሌ ያውቀዋል፤ አዳራሹን ቀድሞ ይይዛል፣ ለመኪናው ቀብድ ይከፍላል፣ ቪዲዮ ቀራጩን ያነጋግራል። ለቀሚሱ የሚሄደው ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ያ ቀብድ በሐምሌ ቢሰጥ ሸማኔው መሞከሪያ ድሩን ያገኛል፤ ሦስት ወር ሙሉ ይቀድዳል፣ ይሰፋል።

አንዲት የማውቃቸው እናት እንዲህ አድርገዋል። ልጃቸው ለጥር ስትዳር በሐምሌ የዋጋውን ግማሽ ይዘው ጉለሌ ወረዱና ሱቅ ሳይገቡ ሸማኔውን ራሱን አገኙት። ሰውየው ስንዝር ስንዝር የሚያህሉ ሦስት ናሙናዎች ሠራ። ሁለቱን አልወደዷቸውም፤ እሱም እንዳልወደዳቸው ነገራቸው። ሦስተኛው የሻይ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ከወርቀዘቦ ጋር የተያያዘበት፣ እኔም ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር። ኅዳር ላይ ተጠናቀቀ። ሠርጉ አማረ፤ ፎቶግራፉም በየስልኩ ዞረ። ለፋሲካ እኒሁ እናት ሽሮ ሜዳ ቢወጡ ያ ጥለት፣ አረንጓዴው ከነወርቁ፣ በህትመት ጨርቅ ላይ ሆኖ መስኮት ላይ ተሰቅሎ አገኙት። ዋጋው እሳቸው ከከፈሉት ሩቡን እንኳ አይሞላም። በንዴት እየተንቀጠቀጡ ሸማኔው ቤት ደረሱና ነገሩት።

ሰውየው መወርወሪያውን ሳያቆም ሰማቸው። ሲጨርሱ “እትዬ፣” አላቸው፣ “ታናሺቱስ መቼ ነው የምትዳረው?”