ስለ ኅሊናና ስለ ሕመምተኛው ዕዳ

በ2002 ዓ.ም. በእኛም አገር በአሜሪካም የጤና መድን ሕግ ወጣ። በእኛ አገር የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ታወጀ፤ በአሜሪካም ሰው ሁሉ የሕክምና መድን እንዲገባ የሚያዝ ሕግ ፕሬዚዳንት ኦባማ ፈረሙ። በእኛ አዋጅ ላይ የተነሣው ቅሬታ በይበልጥ ከደመወዝ ስለሚቆረጠው ገንዘብ ነበር። የአሜሪካው ሕግ ግን ክርስቲያንን ከክርስቲያን አከራክሮ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ ክርክር የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳያልፍህ ሁለቱን ወገን በትክክል ሰምተህ እንድትፈርድ እፈልጋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ክርክሩ የጀመረው ገና ሕጉ ሳይጸድቅ ነው። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የሕዝብ ገንዘብ ለውርጃ ይውላል ብሎ ስለ ሰጋ ሕጉን ተቃወመ። በእኅት ካሮል ኪሃን ይመራ የነበረው የካቶሊክ ሆስፒታሎች ማኅበር ደግሞ መድን የሌለውን ድኻ በየቀኑ የሚያየው እሱ ነውና ሕጉን ደገፈ። እንግዲህ ልብ በል፤ ሁለቱም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ ስለ ውርጃም የሚያስተምሩት ትምህርት አንድ ነው። የተለያዩት ከሁለቱ አደጋዎች የትኛው ይከብዳል በሚለው ነው። ስለዚህ አንደኛው ወገን ሌላውን ሃይማኖት የለሽ ብሎ ቢሰድብ ስድቡ ሐሰት ይሆናል።

ቀጥሎ ነገሩ ወደ ችሎት ገባ። መንግሥት አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው በሚገዙት መድን ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንዲጨመር አዘዘ። ሆቢ ሎቢ የተባለው የመደብሮች ኩባንያ ባለቤቶችና የኮኔስቶጋ ዉድ ባለቤቶች የሆኑት የሜኖናይት ቤተ ሰብ፣ ከታዘዙት መካከል አንዳንዶቹ የተፀነሰውን ሕይወት ያጠፋሉ ብለው ስላመኑ ከሰሱ። በሰኔ 2006 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ መሠረት አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። የብዙኃኑ ዳኞች ምክንያት፣ መንግሥት የባለቤቶቹን ኅሊና ሳይነካ ሴቶቹ አገልግሎቱን የሚያገኙበት ሌላ መንገድ አለው የሚል ነበር። ዳኛ ሩት ጊንስበርግ ግን የአሠሪው እምነት እምነቱን በማትጋራ ሠራተኛ ላይ ሊጫን አይገባም ብለው ተቃወሙ።

እኔ በሁለቱም ወገን ጩኸት ላይ ነቀፌታ አለኝ። ባለቤቶቹን ገንዘብ ለመቆጠብ ሃይማኖትን ሽፋን አደረጉ የሚሉ ሰዎች በደሉአቸው፤ የሆቢ ሎቢ ሰዎች ከ20ው ዓይነት የተቃወሙት 4ቱን ብቻ ሲሆን ለቀሩት ለመክፈል ፈቃደኞች ነበሩ። በሌላው በኩል ፍርዱን ሰምተው «ኅሊና አሸነፈ» ብለው እልል ያሉት ደግሞ አንድ ጥያቄ ረሱ፤ ይኸውም የአሠሪውን ኅሊና ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ አስቀድመው በሥራቸው የመለሱ አሚሽ የተባሉት ገበሬዎች ናቸው። እነዚህ ክርስቲያኖች ሽማግሌንና ድኻን መጦር የምእመናን ግዴታ ነው ብለው የመንግሥትን የጡረታ መድን እምቢ አሉ። የአሜሪካ ምክር ቤትም በ1957 ዓ.ም. በግሉ ሥራ የሚተዳደረውን አሚሽ ከክፍያው ነጻ አወጣው፤ ነገር ግን ማኅበሩ ችግረኞቹን በእርግጥ የሚጦር ከሆነ ነው። በ1974 ዓ.ም. ግን ሠራተኞች የቀጠረ አንድ የአሚሽ አናጢ ስለ ሠራተኞቹም አልከፍልም ቢል፣ ሠራተኞቹ የገዛ እምነቱ ተከታዮች ሳሉ እንኳ፣ ዳኞቹ በአንድ ቃል ፈረዱበት። በፈቃዱ ንግድ የገባ ሰው የራሱን እምነት ሌሎችን በሚያስተዳድረው ሕግ ላይ ሊጭን አይችልም አሉ።

የእኔም ፍርድ ከዚህ ይነሣል። ኅሊና ክቡር ነው፤ መንግሥትም ሊደፍረው አይገባም። ዋጋውን ግን ባለ ኅሊናው ራሱ ይክፈል። ከጋራው ማዕድ እጄን አነሣለሁ የሚል ሰው የራሱን ሕመምተኛ በራሱ ትከሻ ሲሸከም ካየነው እምነቱን እናከብራለን። ሸክሙን በደሞዝተኛ ሴት ላይ ጥሎ የሚሄድ ከሆነ ግን፣ ፍርድ ቤት ቢያሸንፍም፣ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የተባለው ተረት ይደርስበታል።

አሁን ወደ ደንዲ እንመለስ። በ2003 ዓ.ም. ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲጀመር ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አልነበረም። ዕድር እናውቃለን። በጊንጪ ሃይማኖታቸው የተለያየ ጎረቤቶች በአንድ ዕድር ይከፍላሉ፤ ሬሳው የማን ምእመን ነው ብሎ ድንኳን የሚከለክል የለም። ታዲያ ለሞተው የምናዋጣ ሰዎች ገና ላልሞተው ማዋጣት ለምን ይከብደናል? «መድኔ ጌታ ነው፤ የሰው መድን አልገባም» የሚል ክርስቲያን ቢገጥምህ አትሳቅበት፤ ነገር ግን የጎረቤቱ ልጅ በሳንባ ምች ስትታመም፣ አባትየውም በሬውን ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ ብሎ ሲጨነቅ፣ የሕክምናውን ዋጋ አንተ ትከፍላለህን? ብለህ ጠይቀው። እከፍላለሁ ካለና ከከፈለ እምነቱ እውነተኛ ነው። ዝም ካለ ግን በጌታ ስም የተሸፈነው ንፍገት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

መዋጮውን የምትከፍለውም ወጣት አትኩራ። ደጉ ሳምራዊ ለእንግዳ ማደሪያው ጌታ ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ቁስሉን በገዛ እጁ አስሮአል፤ ቁስለኛውንም በገዛ እንስሳው ጭኖአል። ሕግ ገንዘቡን ሊያስከፍልህ ይችላል፤ ሕመምተኛውን ሄደህ እንድትጠይቅ ግን ማንም ዳኛ ሊፈርድብህ አይችልም። ይህ ለአንተ የተተወ ነው።