አምባሰልን ትዝታ የሚያደርገው ኮርድ

ኪቦርድ ወይም ጊታር ይዞ በኮርድ ላይ ሶሎ መጫወት የሚጀምር ተማሪ መጀመሪያ የሚሰጡት ቃላት የታወቁ ናቸው፤ ስኬል፣ ኢንተርቫል፣ ሜጀር፣ ማይነር፣ ኮርድ፣ ከዚያም የኮርዶች ቅደም ተከተል። ቃላቱ በራሳቸው አያስወቅሱም። የሚያስወቅሰው ሁሉም ከአንድ ምንጭ፣ ከባለ ሰባት ድምፁ ሜጀር ስኬል መቀዳታቸው ነው። በዚህ ስኬል ከእያንዳንዱ ድምፅ ተነስቶ አንድ እየዘለሉ ሦስት ድምፅ ቢደራርቡ ሰባት ኮርድ ይገኛል። ተማሪውም የትኛውም ዜማ ከእነዚህ በአንዱ ይታጀባል ብሎ አምኖ ይወጣል። ቅኝቶቻችን ይህን እምነት አያጸኑለትም።

ትዝታ ሜጀርን እንውሰድ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከአምስቱ ሳይወጡ የሚሠሩት የሜጀርና የማይነር ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። ተማሪው ወደ መነሻው ለመመለስ የለመደው የሶል ሰባተኛ ኮርድ ሲንና ፋን ከውጭ ያስገባል። ሲ ወደ ዶ፣ ፋ ወደ ሚ በግማሽ ድምፅ ይስባሉ። ትዝታ ሜጀር በውስጡ የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሌለው ይህ መሳብ ባሕርይው አይደለም። ያም ሆኖ ጆሯችን ስለለመደው ጉዳቱ ቀላል ነው።

ከባዱ ጉዳት አምባሰል ላይ ነው። ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ናቸው። ሚም ሆነ ሚ ፍላት ስለሌለ በመነሻው በዶ ላይ ሜጀርም ማይነርም አይቆምም። ተማሪው በለመደው መንገድ ኮርድ ሲፈልግ ሁለት ያገኛል፤ ሬ ፍላት ሜጀርና ፋ ማይነር። ሁለቱም መነሻው ላይ አይደሉም። ፋ ማይነርን ይመርጣል፤ ድምፆቹ በሙሉ ከቅኝቱ ስለሆኑ የሚጎረብጥ ነገር አይሰማውም። ነገር ግን ባሱ ፋ ላይ ሲያርፍ የዜማው ቤት ፋ ይሆናል። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከፋ ጀምረን እንቁጠራቸው፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይህ ትዝታ ማይነር ነው! ድምፃዊቷ አምባሰል ታዜማለች፣ የኪቦርዱ ግራ እጅ ትዝታ ይጫወታል፤ እሷ ዶ ላይ ስታሳርፍ አድማጩ ዜማው መሃል ላይ የተቋረጠ ይመስለዋል። አንድም ድምፅ ሳይሳሳት ቅኝቱ ተቀየረ። ተማሪው ይህን ጥፋት የሚይዝበት ቃል አልተሰጠውም፤ የተማረው የትኛው ድምፅ ከኮርዱ ውጭ እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነው።

አንቺ ሆዬ ደግሞ በተለመደው አደራደሩ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ስለሆነ በመነሻው ላይ ሙሉ አምስተኛ እንኳ የለውም። (ባቲን የማልዳስሰው ስለሚቀል ነው፤ በመነሻው ላይ ሙሉ ኮርድ አለው።)

ኮርድ ለቅኝት ባዕድ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ክራር ገራፊው ቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ በአንዴ ሲመታ የግራ እጁ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ያፍናሉ፤ የቀሩት አብረው ይጮኻሉ። ይህ ኮርድ ነው፤ ለዚያውም ከቅኝቱ አንድም ድምፅ የማይወጣ፣ ሦስተኛ ድምፅ ኖረም አልኖረም የማይቸገር። በማስተማሪያዎቻችን ይህ ጥበብ እንደ ሃርሞኒ አለመቆጠሩ ያስቆጨኛል።

ጃዝም ቢሆን ከኮርድ ሩጫ የወጣበት ጊዜ አለ። ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 የቀረጸው «ሶ ዋት» 32 ባር ሙሉ የሚቆመው በሁለት ሞዶች ላይ ብቻ ነው። የቢል ኢቫንስ ፒያኖ ኮርድም ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ ይደረደራል፤ ከላይኛው ርቀት በቀር ሁሉም አራተኛ ናቸው። ይህን ዘዴ ወደ አምባሰል ብናመጣው በዶ ባስ ላይ ሶል፣ ዶ፣ ፋ ይቀመጣሉ። ሁሉም የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፣ መነሻውም ዶ እንደሆነ ይቆያል። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝትን ከጃዝ ሃርሞኒ ጋር ሲያዋሕዱ የገጠማቸው ይኸው፣ ቅኝቱን ሳያጠፉ ኮርድ እንዴት ይቀመጥለታል የሚለው ጥያቄ ነበር። ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያመጡት ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ የኮርድ ቅደም ተከተል ሳያሻቸው አንድ መነሻ ድምፅን እየከበቡ የተጫወቱት፣ ከብዙ በኮርድ ከተጨናነቀ ሶሎ ይልቅ የሰላ ኢምፕሮቪዜሽን ነው። በእኔ ግምት በዚህ ምድር ከተነፋ ሳክስፎን ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ስለዚህ የሙዚቃ መምህራን ሆይ፣ ለጀማሪ ከኮርድ በፊት መነሻ ድምፅንና ርቀትን አስተምሩ። አንድ ባስ ድምፅ ይዞ በአምባሰል ላይ ደጋግሞ ሶሎ ይጫወት፤ ፋ ማይነርን ከዚያ በኋላ ስጡት።