እምቦጭ፣ አባ ሰንጋና ደስታ፦ ስለ ሙያ ቃላት አመራረጥ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት በሚመረጡበት ጊዜ፣ የሕዝቡ ስያሜ ተለዋዋጭ፣ የላቲኑ ግን ጽኑ ነው የሚል ክርክር ይቀርባል። በጣና ዙሪያ የሚካሄደው ምርምር ይህን አያረጋግጥም። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየውን መጤ አረም ዓሣ አስጋሪውም የባሕር ዳር ተመራማሪውም እምቦጭ ይሉታል። የዕፅዋት ጠበብት ግን ኤይኮርኒያ ሲሉት ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ፖንቴዴሪያ ወገን አዛውረውታል፤ ስሙን የለወጠው ላቲኑ ነው።

በእንስሳት ጤና ረገድ ጉዳዩ ከስም ያልፋል። አባ ሰንጋ የሚል የታወቀ ቃል እያለ «አንትራክስ» ብቻ ብሎ ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ የታመመ ከብት ሥጋ በሰው ላይ የሚያደርሰውን አደጋ ከፎገራው አርቢ መሰወር ነው።

ደስታ የሚለው የበሽታ ስም ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያመጣው ይህ በሽታ፣ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። በሽታው ጠፍቷልና ፍቺውም ከመዝገበ ቃላት ይውጣ ለሚል በበኩሌ አልስማማም። (መልካም ስም የተሰጠው ቁጣውን ለማብረድ ይመስለኛል።) ፍቺው ከነዘመኑ ካልተመዘገበ፣ «በሬዎቻችንን ደስታ ጨረሳቸው» የሚለውን የአያቶች አነጋገር የዛሬ ተማሪ ከሠርግ ድግስ ጋር ያያይዘዋል።

ይህ ሲባል የሕዝቡ ቃል ሁልጊዜ ይበቃል ማለት አይደለም። በጣና ውኃ የሚሠራው የበለስ ጣቢያ 460 ሜጋዋት «ኃይል» እንዲያመነጭ ታቅዶ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ይኸው ቃል ግን በፊዚክስ ተለያይተው የተበየኑ ሦስት ጽንሰ አሳቦችን በአንድነት ተሸክሟል። አዲስ ስያሜ የማበጀቱ ድካም ሊውል የሚገባው እዚህ ላይ ነበር።