መጋጠሚያው የማይታይ ሥራ

ድመትን ከለመደችው ምግብ ወደ ሌላ ማሻገር ሙያ ነው። ይህን የምለው አንዲት እናት ጎረቤታችን በተቀቀለ ሳንባ ያሳደጓትን ድመት ወደ ደረቅ የድመት ምግብ ሲያሻግሯት ቀርቤ ስላየሁ ነው። ምክንያታቸው በቂ ነበር፤ ሳንባም ሆነ ሌላ አጥንት አልባ ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ፣ ብቻውን ሲሰጥ በማደግ ላይ ያለች ድመትን አጥንት ያሳሳል።

አዲሱን አንድ እጅ፣ ሳንባውን ሦስት እጅ አድርገው ጀመሩ። ቀጥሎ እኩል በእኩል፣ ከዚያ አዲሱ ሦስት እጅ፣ በመጨረሻም አዲሱ ብቻ። ሐኪሞች ለዚህ ከ7 እስከ 10 ቀን ይመክራሉ።

ውበቱ ግን ያለው አደባለቁ ላይ ነው። ደረቁን ፍሬ በሳንባው መረቅ ያርሱና በጣታቸው ይጨፈልቁታል፤ ሳንባውን አድቅቀው ይከትፉታል፤ ከዚያ አንዱን ከሌላው ለቅማ መለየት እስኪያቅታት ያሹታል። መረቁ ውስጥ ጨውም ሽንኩርትም የለም፤ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳልና። ሁልጊዜም ለብ ያለ ነው። ሙቀቱ ሽታውን ያወጣዋል፤ ድመት ደግሞ ምግቧን አስቀድማ የምትመረምረው በአፍንጫዋ ነው። በስኳር ማባበል አይቻልም፤ ጣፋጭን የሚለየው ዘረመሏ ስለማይሠራ ጣፋጭነት አይሰማትም። ደረቁ ምግብ በውስጡ የያዘው ውኃ ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ስለሆነም፣ ንጹሕ ውኃ ከአጠገቧ አይለይም።

«ሲርባት ትበላለች» የሚለውን ምክር አልተቀበሉም፤ ልክ ናቸው። ለቀናት ያልበላች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ስቧ ጉበቷ ውስጥ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። ቀኑን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች መንገዱ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ከሁሉ የማደንቀው ወደ ኋላ መመለሳቸውን ነው። አንድ ጠዋት ዓይነ ምድሯ ላልቶ ሲያዩ፣ ሳያመነቱ ወደ ቀደመው መጠን ተመለሱ፤ ሲጠነክርላት ደግሞ ቀጠሉ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ መጋጠሚያው ካላማረው እንደሚተረትረው፣ እሳቸውም የሥራቸው ዳኛ ያደረጉት የራሳቸውን ዕቅድ ሳይሆን የእንስሳዋን ሆድ ነው። ሳንባው ከሳህኑ ፈጽሞ ሲጠፋ ድመቷ ምንም እንዳልተለወጠ በላች። ጥሩ እጅ ማለት ይህ ነው፤ ድካሙ ሁሉ የሠሪው፣ ምቾቱ ሁሉ የተሠራለት።