የንስሐ አባት

ሰው ከእምነቱ በአንድ ቀን አይወጣም። መጀመሪያ የማታው ጸሎት ይታጎላል፤ ቀጥሎ የረቡዕ ጾም «ሥራ በዛብኝ» ተብሎ ይፈታል፤ ኋላ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙት ለዓመት በዓል ብቻ ይሆናል። ሰውየው ራሱ ልብ አይለውም። ልብ የሚሉት የንስሐ አባቱ ናቸው።

በወረታና በፎገራ ሜዳ ነሐሴ ለገበሬው ፋታ የለውም። የሩዙ አረም እጅ ይጠብቃል፤ ፍልሰታም ነሐሴ 1 ይገባል። የንስሐ አባት ያን ሁሉ ጭቃ ረግጠው ቤት ድረስ ይመጣሉ። መስቀል ያሳልማሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ ልጆቹን በየክርስትና ስማቸው እየጠሩ ደኅንነታቸውን ይጠይቃሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ከቆረብህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ይላሉ።

እኔ ይህችን ጥያቄ እጅግ አደንቃታለሁ። ቁጣ የለባትም፤ መሸሻም አትሰጥም። ለንስሐው የሚሰጡት ቀኖናም እንደየሰው አቅም ነው፦ ለጎልማሳው ስግደት፣ ጉልበት ለከዳቸው ባልቴት ጸሎት። በድንበር ከጎረቤቱ ጋር የተቀያየመውን ግን አስቀድመው ያስታርቁታል።

ስብከት ዛሬ በስልክም ይሰማል፤ መልካም ነው። ሆኖም ሰባኪው የአንተን መቅረት አያውቅም። የንስሐ አባትህን ካገኘሃቸው ከቆየህ፣ እስኪመጡ አትጠብቅ፤ በዚህ ሳምንት ሄደህ መስቀላቸውን ተሳለም።